ጉልበትና ትዕግሥት

በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው፣ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው የአካላችን ክፍል ነው። ሁለተኛው ብርታት፣ ኃይልና የመሥራት ችሎታ ነው። «የጉልበት ሥራ» ስንል፣ «ጉልበቱን ይስጥህ» ብለን ስንመርቅ፣ ሰውን የሚያጠቃውን «ጉልበተኛ» ብለን ስንወቅስ የምናነሣው ሁለተኛውን ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ እርሻው የሚወርድ ገበሬ፣ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ኃይላቸው የሚለካው በጉልበታቸው ነው። ትልቅ ሰው ስናከብርም ጎንበስ ብለን የምንስመው ጉልበቱን ነው። ስለዚህ ጉልበቱ የከዳው ሰው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ የታመመበት አይደለም፤ ከሰው ተራ የወጣ መስሎ ይሰማዋል።

ይህን የምንጽፈው የቃል ትርጉም ለማስተማር አይደለም። ባለፈው ዓመት የራሳችን የቀኝ ጉልበት ስለ ከዳን፣ ከዚያም የተነሣ አንዳንድ ነገር ለማሰብ ስለ ተገደድን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ጉዳይ ወደ ደባርቅ ሄደን እዚያው ከረምን። እንደሚታወቀው ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነች ደገኛ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። የዓለም ሯጮች «አየሩ ሳሳብን» እያሉ ያማረሩባት ሜክሲኮ ከተማ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ያህል ነውና፣ ደባርቅ ከእርሷ በብዙ ትበልጣለች ማለት ነው። ማለዳ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ ከየቤቱ ጢስ ሲወጣ፣ መንገዱ ገና ከመኪና ነጻ ሳለ መሮጥ የማይመኝ ወጣት ያለ አይመስለንም። እኛም ተመኘን። ከመመኘትም አልፈን ማራቶን ልንሮጥ ቆረጥን።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በወቅን በኩል ዳባት ደርሶ መመለስ ከዚህ ይበልጣል። እኛ ግን ስለ ርቀቱ እንጂ ስለ ጉልበታችን አልጠየቅንም። ቢሮ ተቀምጠን የኖርን ሰዎች ሳለን፣ በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር፣ በአራተኛው ሃያ ሮጥን። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ዛሬ ስንጠየቅ መልስ ያጣንበትን ሥራ ሠራን፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ባወጣው በሊማሊሞ መንገድ ቁልቁል እየሮጥን ወረድን። ሽቅብ ስንወጣ ሳንባችን ደከመ፤ ቁልቁል ስንወርድ ግን የተጎዳው ጉልበታችን ነበር። ቁልቁለት ለሳንባ ዕረፍት ስለሚሰጥ ሰውን ያታልላል። በእያንዳንዱ እርምጃ ግን የጭን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት መግታት አለበት፤ በጉልበት ሎሚ ላይ የሚያርፈውም ጫና የሰውየውን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። በማግስቱ ጉልበታችን አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ይቅር ይባላል። ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። ሕመማችንን ደበቅን። ጉልበታችንን በጨርቅ ጠፍረን፣ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን እየዋጥን ሌላ ሁለት ሳምንት ሮጥን። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን «እንዴት ነው ማራቶኑ?» ሲሉን «እየተቃረበ ነው» እያልን እንመልስ ነበር።

አንድ ቀን በወቅን አቅራቢያ እያነከስን ስንሮጥ በሦስት በቅሎዎች ገብስ ጭነው ወደ ገበያ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ጥቂት ዝም ብለው ካዩን በኋላ፣

«ልጄ፣ እግርህን ምን ነካህ?» አሉን።

ምንም እንዳልሆንን፣ ለውድድር እየተለማመድን መሆኑን በትሕትና ነገርናቸው።

«በቅሎዬ እንዲህ ስታነክስ ጭነቷን አውርጄ ባዶዋን ነው የምነዳት» አሉ። «አንተ ግን ባዶህን ሆነህ ታነክሳለህ። ለመሆኑ ማን ጫነህ?»

መልስ አልነበረንም። «ደህና ይዋሉ» ብለን በእግራችን ተመለስን። ጥያቄያቸው ግን ከጉልበታችን ሕመም ይልቅ ቆየብን። ማን ጫነን?

ነገሩን ስንመረምረው የጫነን አንድ ሰው አይደለም። የጫነን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ጀግንነት የሰማነው ትረካ፣ ይልቁንም ትረካውን በግማሽ መስማታችን ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ በጳጉሜ 5፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ማግኘቱንም በየትምህርት ቤቱ እንተርካለን። ከዚህም ትረካ ወጣቱ የሚወስደው ትምህርት «ጀግና ሕመም አይበግረውም» የሚል ነው።

ነገር ግን ያው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ ተሰለፈ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለድል፣ ዓለም ሁሉ ሦስተኛውን ድል ሲጠብቅለት፣ ከመንገዱ ወጣ። በዚያው ቀን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጥቶ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። እኛ ቶኪዮን እንተርካለን፤ ሜክሲኮን ስናነሣ የማሞን ማሸነፍ እንጂ የአበበን ማቆም አናነሣም። በአስተያየታችን ግን ለተማሪ የሚበጀው ሁለቱን አብሮ ማወቅ ነው። የቶኪዮው ቁስል ሐኪም ያየውና የዳነ የሆድ ቁስል ነበር፤ የሜክሲኮው ሕመም ደግሞ ሰውነትን የሚሸከመው እግር ሕመም ነበር። አንዱን ሰው በአንደኛው ቀን ያስሮጠው፣ በሌላው ቀን ያስቆመው፣ ድፍረቱ ጨምሮ ወይም ቀንሶ አይደለም፤ የሕመሙ ዓይነት ልዩ ስለ ሆነ ነው።

በቅርብ ዘመን የሆነውንም እንጥቀስ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ሲሮጥ ከ26 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠ። ከውድድሩ በፊት በተደረገለት ምርመራ ጉልበቱ ውሃ ቋጥሮ ታይቶ ነበር። ያን ዕለት በሐዘን ተሞልቶ «ከእንግዲህ ሩጫ በቃኝ» የሚል መግለጫ ሰጠ። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ቃሉን መልሶ ወደ ልምምዱ ገባ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ፤ ሩጫን በእርግጥ የተወውም በ2007 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በማራቶን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ጉልበቱ ሲታመም ካቆመ፣ እኛ ማን ነንና አናቆምም? ሁለተኛ፣ በሕመም ሰዓት የተናገሩት «በቃኝ» የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የታመመ ጉልበት አሳቢን ሁሉ ወደ ሁለት ጫፍ ይገፋዋል፤ ወይ እንዳልታመመ መሮጥ፣ ወይ ሁሉን ነገር ጥሎ መቀመጥ። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙና አሰልቺው ነው።

ማቆም ለአገርም ኪሣራ ነው የሚል ቢኖር፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ የሆነውን ያስታውስ። ለኦሊምፒኩ ማራቶን ተመርጦ የነበረው ሲሳይ ለማ ጉዳት ስለ ደረሰበት ወጣ፤ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ በእርሱ ቦታ ገብቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። የታመመው ታምሜአለሁ ባይል ኖሮ ጤነኛው መንገድ ባላገኘም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ጉልበት እንመለስ። ሽማግሌው ካነጋገሩን በኋላ ጎንደር ወርደን ሐኪም ታየን። ሐኪሙ ጉልበታችንን አጥፎና ዘርግቶ ከመረመረ በኋላ አጥንቱም ጅማቱም እንዳልተበጠሰ፣ የጉልበት ሎሚ አካባቢ በብዙ ጫና እንደ ተቆጣ ነገረን። ከዚያም «የምትድኑት ተኝታችሁ አይደለም» አለን። ይህ ቃል አስገረመን፤ እኛ ዕረፍት ማለት መተኛት ይመስለን ነበርና። ነገር ግን ጉልበት ሲታመም የጭን ጡንቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ መድከም ይጀምራል፤ ጡንቻው ሲደክም ደግሞ የጉልበቱ ሸክም ይብሳል። ስለዚህ ዕረፍቱ ከሩጫው እንጂ ከእንቅስቃሴ ሁሉ አይደለም።

የታዘዘልን ነገር ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ትዕግሥቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሜዳ ላይ መራመድ፤ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እንደ ወንበር ተቀምጦ መቆየት፤ እግርን ሳያጥፉ ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ፤ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ መሄድ። ደንቡም ይህ ነው፤ በልምምዱ ጊዜ የሚሰማው ትንሽ ሕመም ይታለፋል፤ ሕመሙ በማግስቱ ጧት ከቆየ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም። ቁልቁለት የመጨረሻው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌውን በደባርቅ ገበያ አግኝተን ያነከሰች በቅሎ ስትድን እንዴት እንደሚጭኗት ጠየቅናቸው። «መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት፤ ሙሉውን ጭነት ሳትጠይቀኝ አልጭናትም» ብለው ሳቁ። ሐኪሙ ከመጽሐፍ ያገኘውን እርሳቸው ከዳገቱ አግኝተውታል።

ይህን ያልነው ግን እያንዳንዱ የጉልበት ሕመም በዚህ ይድናል ለማለት አይደለም። በአደጋው ሰዓት «ቋ» የሚል ድምፅ የተሰማበት፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጣም ያበጠ፣ የሚቆለፍና የማይዘረጋ፣ ሲቆሙበት የሚከዳ፣ ወይም ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ያስከተለ ጉልበት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ስለ ኪኒኑም አንድ ቃል እንበል። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን አስክሮ ሌባውን ማስገባት ጥበብ አይደለም። በተለይ ውሃ ጠምቶን እየሮጥን አዘውትረን የምንውጣቸው የሕመምና የእብጠት ማስታገሻዎች ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ስለ ወጌሻዎቻችንም መናገር ይገባናል። ወጌሻ ሐኪም በሌለበት አገር ለዘመናት የሕዝቡን ስብራት ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ነው፤ ልንንቀው አይገባንም። ነገር ግን አብልጦ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ መድረሱ በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታወቀ ነው። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስሩን ወዲያው ማላላትና ወደ ሕክምና መሄድ የታማሚው ብቻ ሳይሆን የወጌሻውም ግዴታ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣብናል። ተቃውሞውን የነገረን በዳባት ያገኘነው አንድ ተማሪ ነው። ይህ ልጅ ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ የሚመጣ፣ ከእኛ እጅግ የሚበልጥ ሯጭ ነው። እርሱም ጉልበቱን ያመዋል፤ ለስፖርት መምህሩ ግን አልተናገረም። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እናንተ ብታቆሙ ደመወዛችሁ አይቆምም። እኔ የምርጫው ቀን ካለፈኝ ክለብ የሚገባው ሌላ ልጅ ነው» አለን።

ይህን ሰምተን ዝም አልን። ስለ ትዕግሥት የሰበክነው ሁሉ ለደመወዝተኛ የተሰበከ ሆኖ ታየን። እውነት ነው፤ ለእኛ ማራቶን ምኞት ነው፤ ለእርሱ የእንጀራ በር ነው። በሩም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ አንካሳም ቢሆን ሮጦ ከመግባት በቀር ምን ምርጫ አለው? እንግዲህ ሽማግሌው «ማን ጫነህ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ለዚህ ልጅ ሲሆን መልሱ ሌላ ነው። የጫነው ትዕቢት አይደለም፤ የጫንነው እኛ ነን።

እኛ ስንል መምህሩን፣ አሠልጣኙን፣ የወረዳውን የስፖርትና የጤና ሠራተኛ፣ በየቢሮው የተቀመጥነውን ወጣት ሹማምንት ሁሉ ማለታችን ነው። ሸክሙን ለማውረድም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በምርጫ ቀን የታመመ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኝ ደንብ ማውጣት ወረቀትና ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል። የስፖርት መምህራን ከላይ የጠቀስናቸውን የአደጋ ምልክቶችና የማገገሚያ እንቅስቃሴዎች በጥቂት ቀን ሥልጠና ሊማሯቸው ይችላሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረው የጎንደር ትምህርት ተቋም፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ሕክምና ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ወጣቶች በዓመት ጥቂት ቀን ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ወጥተው መምህራንን ቢያሠለጥኑ ትምህርታቸው የሚያኮራ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን «አሞኛል» ያለውን ልጅ እንደ ሰነፍ ማየት እንተው። ልጁ ሕመሙን የሚደብቀው የምንሰጠውን መልስ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

ደግሞም ነገሩ የሯጮች ብቻ አይደለም። በሰሜን ግርጌ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል የሚሮጠው ጥቂቱ ነው፤ በጉልበቱ የሚኖረው ግን ሁሉም ነው። ገደል ለገደል የሚያርሰው ገበሬ፣ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት፣ በቅሎ ነጂውና መንገድ መሪው ጉልበታቸው ሲታመም የሚያርፉበት ቀን የላቸውም። ጉልበትን መንከባከብ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ከተጀመረ ከተማሪው ወደ አባቱ ቤት መድረሱ አይቀርም።

የዳባቱን ተማሪ ለስፖርት መምህሩ እንዲነግር መከርነው፤ እኛም አብረነው ሄድን። መምህሩ ልጁን አልተቆጡትም። «ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?» ብለው አዘኑ እንጂ። ዛሬ ልጁ አንድ ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ ነው። ለምርጫው ይድረስ አይድረስ ገና አልታወቀም፤ ጉልበቱ ግን ከእርሱ ጋር ነው።

እኛም ማራቶኑን ገና አልሮጥንም። በአምስተኛው ወር ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለውን መንገድ ሳናነክስ ጨርሰን በመኪና ተመለስን። መመለሻውን በእግራችን የምንሮጥበት ቀን እንደሚመጣ ተስፋ አለን፤ ባይመጣም አንቆጭም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን «ማራቶኑ እንዴት ሆነ?» ሲሉን የምንሰጠው መልስ ግን ተለውጧል። «ጉልበታችንን አሞን ነበር፤ አሁን እየተሻለን ነው» እንላቸዋለን። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመናገር ከሊማሊሞ ዳገት የበለጠ ጉልበት ጠይቆናል።